ለሟች የመጣ መልእክት

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ዌብሳይቱ ሞቶ ተገኘ።

ጫማ ሠሪዋ ኮምፒውተሯን ከፍታ የሱቋን አድራሻ ጻፈች። ነጭ ገጽ መጣ። ዘግታ እንደገና ከፈተች። ያው ነጭ ገጽ። መሐሉ ላይ አንድ መስመር ብቻ አለ፦ «የጠየቁት ገጽ የለም።»

«እንዴት የለም? ቅዳሜ ነበር እኮ!» ብላ ጮኸች፣ ኮምፒውተሩ የሚመልስላት ይመስል።

የጠፋው ፎቶና ጽሑፍ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ይህ ሱቅ ግን ተራ ጫማ አይሸጥም። ደንበኛው አንድ እግሩ ያጠረበት፣ ጣቱ የተቆረጠበት፣ ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት ሰው ነው። የስድስት መቶ አሥራ አንድ ሰው እግር ልክ፣ ጠዋት የተለካውም፣ ማታ ሲያብጥ የተለካውም፣ የሶሉ ውፍረት ሳይቀር እዚያ ውስጥ ነበር። ግማሾቹ የሚኖሩት ሩቅ ነው፤ እንደገና ልለካ ብለው አይመጡም። አባቷ በእጁ የጻፋቸው ደብተሮች ከሁለት ዓመት በፊት ቧንቧ ፈንድቶ ቀለማቸው ታጥቧል። ያ ዝርዝር ከሌለ ሱቁም የለም፣ በቃ።

መጀመሪያ የደወለችው ለታላቅ ወንድሟ ነው።

«አላልኩሽም?» አለ ወንድም ጋሼ ሳያስጨርሳት። «አላልኩሽም ወይ! በአንድ ሰው እጅ አትንጠልጠይ ብዬ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ነገርኩሽ!»

«ወንድም ጋሼ፣ ያኔ አንተ የተየብከው ዝርዝር የለህም? ከአባባ ደብተር ላይ የገለበጥከው?»

«ያ ኮምፒውተር ከተቃጠለ ስንት ጊዜው! አውጥቼ ጥዬዋለሁ። ይልቅ ጊዜ አታጥፊ፣ ፖሊስ ጋ ሂጂ። ማን እንደሠራው እኔም አንቺም እናውቃለን።»

አወቀች። ያወቀች መሰላት።

ጣጣው የጀመረው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። ዌብሳይቱ አርጅቶ ነበር። በስልክ ሲከፍቱት ይጣመማል፣ ደንበኛ የእግሩን ፎቶ ሲልክበት ይንቀራፈፋል። እንደ አዲስ ይሠራ ተባለ። ማን ይሥራው?

ከአራት ዓመት በፊት የሠራው በግሉ የሚሠራ ባለሙያ ነው፤ ከቁመቱ የተነሳ የሱቁ ሰው ሁሉ ቀጭኔ ይለዋል። ቢሮ የለው፣ ጸሐፊ የለው። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ራሱ። ሲደወልለት ይመጣል፣ ሳይደወልለትም ይመጣል። ወንድም ጋሼ ግን ካምፓኒ ይሥራው ብሎ ድርቅ አለ። «ነገ ቢታመምስ? ነገ ጥሎሽ ቢሄድስ? ካምፓኒ ቢሮ አለው፣ ማኅተም አለው። ቢያጠፋ የምትይዥው አንገት አለ።»

ካምፓኒው የጠየቀው ዋጋ የቀጭኔን ሦስት እጥፍ ነበር። እሷ ግን የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል እንዲሉ፣ አራት ዓመት ያገለገላትን ሰው ጠርታ «ሥራውን ለካምፓኒ ልሰጥ ነው። የይለፍ ቃሉን ጻፍልኝ» አለችው።

ቀጭኔ ጆሮው ድረስ ቀልቶ ጻፈላት። በሩ ላይ ሲደርስ ዞረና፣ ቆዳ ቆራጩም ሶል ለጣፊዋም እየሰሙ፣ «እኔ ከሄድኩ በኋላ ምን እንደምትሆኑ አያለሁ!» ብሎ ወጣ።

ወረቀቱን ወንድም ጋሼ ፖስታ ውስጥ አሽጎ «ውሉ እስኪፈረም እኔ ጋ ይቀመጥ፣ አንቺ ነገር ታዝረከርኪያለሽ» ብሎ ኪሱ ከተተው።

ጉዳዩን የያዘው ኢንስፔክተር ወፍራም፣ ቁጡ ሰው ነው። ጫማ ሠሪዋ ሰው ስታይ ከእግሩ ነው የምትጀምረው፤ የኢንስፔክተሩ ጫማ በአንድ ቁጥር ይጠበዋል። ከጠረጴዛው ሥር ተረከዙን ደጋግሞ ያወጣል፣ መልሶ ይከታል።

«የይለፍ ቃሉን ማን ያውቀዋል?»

«እሱና እኔ።»

«ሌላስ?»

«ማንም።»

«ይሰሙኛል? ሠራተኛ፣ ጎረቤት፣ ያ ካምፓኒ የሚሉት… በወረቀትም ቢሆን የሰጡት ሰው የለም?»

«እኔ ለማንም አልሰጥም!» አለች ተቆጥታ። «ምን ነካዎት ኢንስፔክተር? ሌባው ይኼው! ከሥራ ወጣ፣ ዛተ፣ አጠፋ! ምስክር ከፈለጉ ሱቁ ሙሉ ሰው ሰምቷል።»

ኢንስፔክተሩ በእርሳስ ጻፈ። እኩለ ቀን ላይ ቀጭኔ በካቴና ታስሮ ገባ።

ማክሰኞ ፊት ለፊት አገናኟቸው። ቀጭኔ ለእሱ ቁመት ባልተሠራ አግዳሚ ላይ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደርሶ ተቀምጧል። ጫማው ማሰሪያ የለውም፤ ወስደውበታል።

«እትዬ፣ አንቺ ነሽ?» አላት። «ስሜን የሰጠሽው አንቺ ነሽ?»

«ታዲያ ማን ይሁን? ማን እንዲሰጥልህ ፈልገህ ነበር?»

ኢንስፔክተሩ ላፕቶፑን ወደ እሷ አዞረው። ስክሪኑ ላይ ስም፣ ስልክ፣ ግራ እግር፣ ቀኝ እግር፣ ጠዋት፣ ማታ። ሙሉ ዝርዝሩ።

«ይሄ ከእሱ ቤት የተያዘ ነው» አለ ኢንስፔክተሩ። «ይሄ ምንድን ነው ወጣቱ?»

«ግልባጭ ነው። በየወሩ እይዛለሁ።»

«ማን ያዝ አለህ?»

«ማንም። ቤት የሚሠራ ሰው መሠረት ልጣል ወይ ብሎ ፈቃድ ይጠይቃል እንዴ? ግልባጭ መያዝ ሥራዬ ነው!»

«የጠፋው ንብረት አንተ ጋ ተገኘ ማለት ነው።»

«አልጠፋም ማለት ነው! አትሰሙም እንዴ? ይኼው አለ! ትናንት ብትጠይቂኝ ትናንት እሰጥሽ ነበር። አንቺ ግን የላክሽብኝ ፖሊስ ነው!»

የጫማ ሠሪዋ ደም ፈላ። ከወንበሯ ብድግ አለች። «አባባ እንደ ልጁ ነው ያየህ! ከመሶቡ በላህ፣ ምስጢሩን አወቅህ፣ እና በስድስት መቶ ሽባ እግር ላይ ትነግዳለህ? አታፍርም?»

ቀጭኔ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በዚያ ቀን ከዚያ በኋላ የመለሰው ለኢንስፔክተሩ ብቻ ነው።

«ዝርዝሩን ዛሬ መውሰድ እችላለሁ?» አለች ወደ ኢንስፔክተሩ ዞራ።

«አይችሉም። ማስረጃ ነው። ፍርድ እስኪሰጥ ይታሸጋል።»

«መቼ ነው ፍርድ የሚሰጠው?»

«እድለኛ ከሆኑ በዓመቱ።»

በዓመቱ ሱቁ የማን እንደሚሆን እግዜር ይወቅ። ሠራተኞቿን ይዛ ሁለት ወር መቆየቷንም ትጠራጠራለች። የምትፈልገው ነገር ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ተቀምጦ፣ የሰም ማኅተም ተደርጎበት ካዝና ገባ። እየተሳደበች ወጣች፣ ማንን እንደምትሰድብ ሳታውቅ።

ረቡዕ ኢንስፔክተሩ ራሱ ደወለላት። አንድ ነገር አልጣመውም። የካምፓኒው ዳይሬክተር ሰኞ ዕለት ስልክ ደውሎላት «ዌብሳይትዎ መጥፋቱን ሰምተናል፣ ቶሎ ከፈረሙ ቅናሽ አለን» ብሏት እንደነበር ነግራው ነበር። ሬሳ ለማጠብ ሳይጠራ የሚመጣ ሰው ሟቹን ሳያውቀው አይቀርም አለ ኢንስፔክተሩ። አብረው ወደ ካምፓኒው ሄዱ።

ቢሮው አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ መስታወት በመስታወት። ግድግዳው ላይ ጥርሳቸውን ገልጠው የሚስቁ ወጣቶች ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። ከፎቶው ውጪ ያለው ሰው ግን አንዲት እንግዳ ተቀባይና ዳይሬክተሩ ብቻ ነው።

«መጥፋቱን ከማን ሰማችሁ?» አለ ኢንስፔክተሩ ሳይቀመጥ።

«ከወንድማቸው። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ገና ቢሮ ስገባ ደወሉልኝ። እህቴ ዛሬ ትፈርማለች፣ ቶሎ ድረሱላት አሉኝ።»

ኢንስፔክተሩ ሰዓቱን ጻፈና ከበበው። እሷ ይህን አላየችም፤ ዓይኗ ባዶዎቹ ጠረጴዛዎች ላይ ነበር።

«ሥራውን ማን ነበር የሚሠራልኝ?» አለች።

«ቡድናችን።»

«የታለ ቡድኑ?»

ዳይሬክተሩ ከረባቱን ነካካ። «እኛ ደንበኛውን እንይዛለን፣ ሥራውን ደግሞ በውጭ ባለሙያ እናሠራለን። ሁሉም ካምፓኒ እንዲህ ነው የሚሠራው። ለእርስዎ ሥራ የታሰበ አንድ በጣም ጎበዝ ልጅ አለን፣ ታማኝ። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቱ…»

«ቀጭኔ?»

«ያውቁታል እንዴ?» አለ ዳይሬክተሩ ፊቱ በርቶ።

ጫማ ሠሪዋ ጠረጴዛውን በጡጫ መታችው። የእንግዳ ተቀባይዋ ብርጭቆ ተገለበጠ። «ያባረርኩትን ሰው በሦስት እጥፍ ዋጋ መልሳችሁ ልትሸጡልኝ?»

«ጥራቱን እኛ እንቆጣጠራለን!»

ኢንስፔክተሩ ሳቀ። በሦስት ቀን ውስጥ ሲስቅ ያየችው ያኔ ብቻ ነው። ደረጃውን ሲወርዱ ግን ፊቱ ተመልሶ ጨለመ። «እነዚህ ሻጮች ናቸው እንጂ ሌቦች አይደሉም። የይለፍ ቃል የላቸውም። ደግሞ ሊሰጣቸው የተቃረበውን ገበያ ለምን ያቃጥላሉ? ወደ ቀጭኔዎ መመለሳችን ነው።»

ሐሙስ በምሳ ሰዓት፣ ሠራተኞቹ ሲወጡ፣ የመሳቢያዋ ስልክ ጮኸ።

የአባቷ ስልክ ነው። አባቷ ከሞተ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖታል፤ ስልኩን ግን ቻርጅ እያደረገች አኑራዋለች፤ አዲሱን ቁጥር ያልያዙ የድሮ ደንበኞች አሁንም በእሱ ይደውላሉ። አነሳችው። መልእክት ነው።

«ውድ ደንበኛችን፣ እግርዎ እንዴት ነው? ሱቃችን ተዛውሯል። ከእንግዲህ የጫማ ትእዛዝዎን በዚህ አዲስ ቁጥር ብቻ ይላኩ።»

ሁለቴ አነበበችው። የሞተን ሰውዬ እግርህ እንዴት ነው ይሉታል! የገዛ ሱቁን ተዛውሯል ይሉታል! አላለቀሰችም። ቆሽቷ አረረ። ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ ስልኩን ጨብጣ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሮጠች።

«የታሰረ ሰው መልእክት ይልካል?» አለች ስልኩን ኢንስፔክተሩ ጠረጴዛ ላይ ጥላ።

«ግብረ አበር ሊኖረው ይችላል» አለ ኢንስፔክተሩ። ቁጥሩን አየው። «ይህን ቁጥር በማን ስም እንደወጣ ለማወቅ ሳምንታት ይፈጃል። አባትዎ ዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ?»

«አንደኛው ደንበኛ እሱ ነው። ደብተሩን ሲጀምር መጀመሪያ የለካው የራሱን እግር ነው።»

«ጥሩ። ያን ሰውዬ አምጡልኝ!»

ቀጭኔ መጣ። ከማክሰኞ ወዲህ የባሰ ቀጥኗል። መልእክቱን አንብቦ ወደ ኢንስፔክተሩ ብቻ እያየ ተናገረ።

«ይሄ ከእኔ ዝርዝር አይደለም።»

«በምን አወቅህ?»

«አባባ ከዌብሳይቱ ወጥቷል። የሞተ ሳምንት እሷ ራሷ ደወለችልኝ፤ ገጹን በከፈትኩ ቁጥር ስሙን አያለሁ፣ አልቻልኩም፣ አውጣልኝ ብላ አለቀሰች። በዚያው ሰዓት አወጣሁት።»

እውነት ነው። ረስታው ነበር። ሰው በለቅሶ መሐል ያለውን ሁሉ አያስታውስም።

ኢንስፔክተሩ ካዝናውን ከፈተ፣ ማኅተሙን ሰበረ፣ ላፕቶፑን አበራ። አንደኛው ተራ ላይ ያለችው አንዲት የትምህርት ቤት መምህርት ናት። ከላይ እስከ ታች ፈለጉ። አባቷ የለበትም።

«መልእክቱን የላከው ሰው ከዌብሳይቱም ከግልባጩም አልወሰደም ማለት ነው» አለ ኢንስፔክተሩ ቀስ ብሎ። «ሟቹ በሕይወት እያሉ የተሠራ ዝርዝር ነው ያለው። እንደዚያ ያለ ዝርዝር የት አለ?»

ስልኩን ከጠረጴዛው አንስታ መልእክቱን እንደገና አነበበች።

«የት አለ እትዬ?»

«ወንድሜ… ዌብሳይቱ ከመሠራቱ በፊት ከደብተሩ ላይ የተየበው እሱ ነው። ግን ያ ኮምፒውተር ተቃጥሏል ብሎኛል።»

«ሰኞ ለወንድምዎ ስንት ሰዓት ላይ ነው የነገሩት?»

«እንዳየሁት። ሦስት ሰዓት አልፎ።»

«እሱ ለካምፓኒው የደወለው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እርስዎ ሳያውቁ እሱ አውቋል።» ኢንስፔክተሩ እርሳሱን አስቀመጠ። «የይለፍ ቃሉስ? እሱ ከየት አመጣው?»

ስለ ፖስታው ነገረችው። ከታሸገበት ሰዓት እስከ ወንድሟ ኪስ ድረስ ነገረችው።

የኢንስፔክተሩ አንገት ሥር ቀላ። «አንቺ ሴትዮ!» አለ፣ አንቱታው ከአፉ ጠፍቶ። «ሰኞ ምን ብዬ ጠየቅኩሽ? የሰጠሽው ሰው አለ ወይ ብዬ አልጠየቅኩም? ማንም አላልሽም?»

«ወንድሜ ነው እኮ።»

«እኮ! ወንድምሽ ሰው አይደለም?»

ስለ ሰው ስትጠየቅ ያሰበችው ስለ ባዕድ ነው። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ተቆጥሮ አያውቅም። ማዶ ቀጭኔ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ማሰሪያ የሌለው ጫማውን ያያል። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

ዓርብ ጠዋት ፖሊሶች ወንድም ጋሼን ከቤቱ ጀምሮ ተከትለው የደረሱበት፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ያለ የብረት በር ተከፈተ። ውስጡ አዲስ የቀለም ሽታ አለ። ሁለት አዳዲስ የቆዳ ስፌት ማሽኖች፣ ጥቅል ቆዳ፣ ግድግዳው ላይ የተደረደሩ፣ ጫማ የሚወጠርባቸው የእንጨት እግሮች። ጥጉ ላይ ተቃጠለ የተባለው ኮምፒውተር እያጉረመረመ በርቷል። ወንድም ጋሼ ከፊቱ ተቀምጦ ስልክ ይጎረጉራል። ፖሊሶቹን ሲያይ አልደነገጠም። እህቱን ሲያይ ነው የደነገጠው።

«እሷን ለምን አመጣችኋት?»

«ሟቹን ስለ እግሩ ጠይቀህ አልነበር?» አለች። «መልሱን ላመጣልህ ነው!»

አልገባውም። የአባቷን ስልክ ፊቱ ላይ ስትደግንበት ገባው። ኮምፒውተሩን ዞር ብሎ አየ። አንደኛ ተራ፣ የአባቱ ስም።

«አላየሁትም» አለ። «ሁሉንም ምረጥና ላክ ነው ያልኩት።»

«አባባን ሳታየው!»

ያኔ የታመቀው ሁሉ ገነፈለ። «እሱስ እኔን አይቶኛል? የበኩር ልጁ እኔ ነኝ! ሱቁን ላንቺ፣ ስሙን ላንቺ፣ ለእኔ ምን ተረፈኝ? ይሄ መርፌ መያዝ አይችልም የሚል ስም!»

«አትችልም እኮ!»

«ስድስት ወር ዝርዝሩን የተየብኩት እኔ ነኝ! ዓይኔ እስኪጠፋ! ማን አመሰገነኝ?»

ኢንስፔክተሩ ጣልቃ ገባ። «ካምፓኒ ካምፓኒ እያልክ ያስጨነቅሃትስ?»

ወንድም ጋሼ ትከሻውን ነቀነቀ። ካምፓኒው ቢመጣ ባይመጣ ግድ አልነበረውም። የፈለገው ቀጭኔ ተቆጥቶ እንዲወጣና የይለፍ ቃሉ ከእጁ እንዲወጣ ነው። ከሥራ የተባረረ ሰው ካለ ሌባ ፍለጋ ማንም አይደክምም። እሑድ ከሰዓት ገብቶ አዲሱን ዝርዝር ሊወስድ ነካካው፤ ሥራውን አያውቀውምና ከእጁ አመለጠው፣ ሁሉም ጠፋ። ያኔ ነው አሮጌውን ዝርዝር ያወጣው። ሰኞ ማልዶ ለካምፓኒው የደወለውም እህቱ በውሉ ተጠምዳ እሱን እንዳትጠረጥር ነው። ሱቁን ሊዘጋባት አላሰበም፤ ግማሹ ደንበኛ ቢመጣለት ይበቃው ነበር አለ። ይህን ሲል ድምፁ የልመና ነበር። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለእሱ ነው።

ከሰዓት ክሱን ልትፈርም ስትል እናቷ ደወለች።

«ልጄ፣ የአንድ ማሕፀን ልጆች ናችሁ። ተይው። ለእኔ ስትዪ።»

«እማዬ፣ ሰኞ ቀጭኔ በካቴና ሲሄድ የእሱ እናት ደውላልሽ ነበር?»

«ምን አገናኘው? እሱ…»

«ባዕድ ነው አይደል? እኔም እንደዚያ ብዬ ነው ሰው ያሳሰርኩት!» ጮኸች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሆዴ ተቃጥሏል እማዬ። ግን እፈርማለሁ።»

ፈረመች።

ቀጭኔ አሥር ሰዓት ላይ ተለቀቀ። የጣቢያው ደረጃ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ማሰሪያ በየቀዳዳው ያስገባል። ላፕቶፑ ጭኑ ላይ ነው። አጠገቡ ቆመች።

«ይቅርታ አድርግልኝ። በድዬሃለሁ። ሳልጠይቅህ ፈረድኩብህ።»

«ሰምቼሻለሁ።» ማሰሪያውን ጎትቶ አጠበቀ። «ዝርዝሩን ልኬልሻለሁ፣ ኢሜይልሽን እይ። ማታ ዌብሳይቱ ይነሳል። ይሄን የማደርገው ለእነዚያ እግሮች ነው።»

«ሥራውም ያንተ ነው። አዲሱን አንተ ትሠራዋለህ። ዋጋውን አንተ ጥራ።»

«አልሠራልሽም።»

«ቀጭኔ…»

«አራት ዓመት በቃል ሠራሁልሽ። በቃል ጠራሽኝ፣ በቃል አባረርሽኝ፣ በቃል አሳሰርሽኝ። ጠጋ ብዬ መሥራቴ ነው የጎዳኝ። ካምፓኒ ፈልጊ።»

«ካምፓኒው እኮ ሥራውን ላንተ ነው የሚሰጠው!»

«አውቃለሁ» አለና ተነሳ። ቀና ብላ ካላየችው ፊቱ አይታይም። «እንግዲያው በእነሱ በኩል አግኚኝ።»

ሰኞ አምስተኛው ፎቅ ላይ ከዳይሬክተሩ ፊት ተቀመጠች። ሦስት እጥፉን ከፈለች። ዳይሬክተሩ ጥርሱ እንደ ግድግዳው ፎቶ ተገልጦ «ትክክለኛውን ምርጫ ነው የመረጡት» አላት። ልታንቀው ፈለገች። ይልቁንም ውሉን አገላበጠች። አሥራ አራተኛው አንቀጽ ላይ ቆመች፦ ደንበኛዋ ከባለሙያው ጋር በስልክም ሆነ በአካል በቀጥታ መነጋገር አትችልም።

«ይህች በሁሉም ውላችሁ ላይ አለች?»

«የለችም» አለ ዳይሬክተሩ። «ዛሬ ጠዋት ባለሙያው ራሱ ነው ያስገባት። ካልፈለጉ እንሰርዛታለን።»

«ተዋት» አለችና ፈረመች።